የሴት ጥላ

ሙንዚር ልጄን ገድሎ ሲሮጥ የገባው እኔ ቤት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ሰው ሁሉ እየተነሣ እንደየፍላጎቱ ስላጣመመው ነው። አንዱ አብዳ ነው አለ። ሌላው ልጇን አትወድም ነበር አለ። ይህን ያለውን ሰው ባገኘው ምላሱን አወጣለት ነበር፤ ቢላዋ እንደሆነ ሥራዬ ነው።

ሰው ኡም ሩብሒ ይለኛል፣ የሩብሒ እናት ማለት ነው። ሩብሒ የበኩር ልጄ ሲሆን ኩዌት ይሠራል። የወጣልኝ ስም ኢንሺራሕ ነው፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ ግን በዚያ የሚጠራኝ የለም። ባሌ የተወልኝ ከቤታችን ሥር ያለችውን የዶሮ ሱቅ ነው። ዶሮው በነፍሱ ይመጣል፣ አርደዋለሁ፣ ላባ መንጫው ማሽን ውስጥ እከተዋለሁ፣ ቆራርጬ እሸጠዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የባሌ ወንድም ሻሂር "ሴት ያረደችው ዶሮ ይበላል እንዴ?" እያለ ሰው ሲያስቅብኝ ነበር። ኢማሙ ይበላል አሉት። ከዚያ በኋላ ጭን ጭኑን ለይቼ የማስቀምጠው ለእሱ ሆነ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ የአውሮፓ መንግሥት ፍልስጤምን በአገርነት ሊያውቅ ነው ተብሎ መንደሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ተተክሏል። ልጄ ሲዋር ሕግ ነበር የምትማረው። ባንዲራ ክንዷ ላይ ጠምጥማ፣ ስልኳን እያየች ከላይ ወረደች።

"እማ፣ ሊያውቁን እኮ ነው" አለችኝ።

"ከመቼ ወዲህ ነው የጠፋነው?"

"ቀልዱን ተዪውና ስሚኝ። አንድ አገር አገር የሚባለው አራት ነገር ሲያሟላ ነው። አንደኛ ሕዝብ።"

"እሱስ አለ። ጧት ጧት እዚሁ ተሰልፎ ክንፍ አበዛሽብኝ ይለኛል።"

"መሬት።"

"ወሰኑስ የት ላይ ነው?"

"ወሰኑ ባይለይም መሬት መሬት ነው ይላል ሕጉ። ደግሞ ከሌሎች አገሮች ጋር መነጋገር።"

"በወሬማ ማን ይቀድመናል። አራተኛውስ?"

"መንግሥት" አለች፤ ድምጿ ትንሽ ዝቅ አለ። "ሕዝቡንና መሬቱን የሚያዝ መንግሥት።"

"እሱ በዚህ ሲያልፍ ካየሽው ጥሪኝ።"

ሳቀች። እሷን ማሳቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትይዛለች፣ አንድ ጥርሷ ከሌላው ላይ ስለወጣ። "አንዳንድ ሊቃውንት ዕውቅና አገርን ይወልዳል ይላሉ" አለችኝ። "ሌሎቹ ደግሞ አይ፣ የተወለደውን ነው የሚመሰክረው ይላሉ። አንቺ ምን ትያለሽ?"

"አንቺን ስወልድ አዋላጇ ዝናብ ይዟት አልደረሰችም። አንቺ ግን ቁጭ ብለሽ አልጠበቅሻትም።"

"ይሄንን ለመምህሬ እነግረዋለሁ።"

"ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብላለች ብለሽ ጨምሪበት።"

ግንባሬን ሳመችኝና ባንዲራውን ልትሰቅል ወደ ጣሪያ ወጣች። እጄ በዶሮ ደም ተነክሮ ስለነበር አላቀፍኳትም።

ተኩሱ የጀመረው ዐዋጁ ተነቦ ሳያልቅ ነው። እኛ ዘንድ ልጅ ቢመረቅ ጥይት፣ ሙሽራ ቢመጣ ጥይት፣ እስረኛ ቢፈታ ጥይት ነው። እናቶች ብንቆጣ፣ ኢማሙ በየአርብ ቢገስጹ፣ ማን ሰምቶ። እኔም ማሽኑ እየጮኸ ሥራዬን ቀጠልኩ። አንድ ጩኸት ከላይ የሰማሁ መሰለኝ፤ የደስታ ነው አልኩ።

ያኔ ነው ሙንዚር በሩን ገፍቶ የገባው። የሰዓፊን ቤት ልጅ ነው፣ ከእኛ ማዶ ያሉት፤ ጣሪያቸውና ጣሪያችንን መንገድ ብቻ ነው የሚለያቸው። ጋራዥ ውስጥ የተሠራች አጭር ጠመንጃ ይዟል። ፊቱ ደም የሌለው ሆኗል። ጠመንጃዋን ወለሉ ላይ ጣላትና የሽርጤን ጫፍ ያዘ።

"በጥላሽ ነኝ፣ አክስቴ ኡም ሩብሒ" አለኝ።

በአገራችን ወግ ይህን ያለ ሰው ማን እንዳባረረው አይጠየቅም። መጀመሪያ ጥላ ይሰጠዋል፣ ወሬው ኋላ ነው። እኔ ደግሞ ወታደሮች ያባረሩት መሰለኝ፤ ከላባው በርሜል ጀርባ የስንቱን እናት ልጅ ደብቄአለሁ። "በጥላዬ ነህ። እኔ ቆሜ እያለሁ ማንም አይነካህም" አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ወደ ጓዳው አስገባሁትና ማሽኑን ሳጠፋ፣ ጎረቤቴ በደረጃው ላይ "ኡም ሩብሒ! ኡም ሩብሒ!" እያለች ስትወርድ ሰማኋት።

ጣሪያ ላይ ስወጣ ሲዋር ከጥቋቁሮቹ የውሃ ሮቶዎች አጠገብ ወድቃለች። ጥይቱ ከአንገቷ ሥር ገብቶ በጀርባዋ ወጥቷል። ሮቶውንም በስቶት ውሃው ከደሟ ጋር ጣሪያውን ሁሉ አልብሶታል። ባንዲራው መስቀያው ብረት ላይ ግማሹ ታስሯል፣ ግማሹ ይንጠለጠላል። መዳፌን ቁስሉ ላይ ጫንኩ፤ በጣቶቼ መካከል ይፈስሳል። እኔ ደም የማላውቅ ሴት አይደለሁም። ሲፈስ አይቼ መቼ እንደሚያቆም አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ባላውቅ በወደድኩ።

የጎረቤቴ ባል በመኪናው ወሰደን። ከመንደሩ መውጫ ላይ ያለው ቢጫ የብረት በር ተዘግቷል። በዓል ስለሆነባችሁ ነው የዘጋነው አለ ወታደሩ፤ ሁከት እንዳይነሣ። ከወዲያ ማዶ አምቡላንስ ቆሞ መብራቱን ያሽከረክራል። ልጄን ተሸክሜ በበሩ ሥር ላሾልካት ስል ጠመንጃውን ደረቴ ላይ ደገነ፤ ሌላው በሬዲዮ ይጠይቃል፣ ይጠይቃል። ሲዋር ዐይኔን እያየች ነበር። አንድ ነገር ልትለኝ ፈልጋ አፏ በደም ተሞላ። እዚያው አስፋልቱ ላይ፣ ጭኔ ላይ ሞተች።

ስንመለስ ጎረቤቴ አጠገቤ እያለቀሰች ነገረችኝ። "የሙንዚር ጥይት ነው። ጠመንጃው እምቢ ብሎት ወደ ታች ዝቅ አድርጎ ሲነካካው አፈተለከ። ሰው ሁሉ አይቶታል።"

የልጄን ራስ እንደያዝኩ፣ ያ የላባ በርሜልና ከጀርባው ያለው ሰው ታዩኝ።

መንደር ስንደርስ ደሙ ግሏል። ወጋችን ለደም ግለት ጊዜ ይሰጣል፤ ሰው የተገደለበት ወገን በዚያ ግለት ውስጥ ያቃጠለውና የሰበረው በኋላ አይጠየቅበትም። ሻሂር ይህን ወግ ከሶላቱ ይልቅ ጠንቅቆ ያውቃል። የባሌን ወገን ሁሉ አሰልፎ የሰዓፊኖችን ቤት እያቃጠለ ነበር። መኪናቸው እየነደደ ጎማው ይፈነዳል። የሙንዚርን ታላቅ የአጎት ልጅ በቱቦ ብረት ክንዱን ሰብረውት በመንገዱ ላይ ይንከባለላል። የሙንዚርን አባት ሽማግሌውን ከደረጃው ገፍትረው ጥለዋቸዋል፤ ጥርሳቸውን መዳፋቸው ላይ ይተፋሉ። እናቱ ባዶ እግሯን ከጭሱ ወጥታ "ልጄስ? ልጄን አገኛችሁት?" ትላለች። እውነቱን ልናገር፣ ሳያት አላሳዘነችኝም። ይቃጠል አልኩ። ሁሉም ይቃጠል።

ሲዋርን ሴቶቹ ተቀብለውኝ አስገቧት። እኔ የዶሮ ቢላዋዬን ይዤ ወደ ጓዳው ገባሁ።

ሙንዚር እንደተውኩት ተቀምጧል። የልብሴን ደም አየና ተነሣ። ጉሮሮው ላይ ቢላዋውን አስደገፍኩት፤ አልተከላከለም። የዶሮ አንገት ሲመታ እጅ ላይ እንደሚሰማው የእሱም ይመታል።

"ስትገባ ታውቅ ነበር?" አልኩት።

"አውቅ ነበር።"

"እሷ መሆኗን?"

"ስትወድቅ አየኋት። ሻሂር እንደሚገድለኝ አወቅሁ። ሌላ ቤት ብገባ ሰብሮ ያወጣኛል። የእሷን ቤት ግን... የእሷ ቤት ጥላ ከሰጠኝ ማንም አይደፍረኝም ብዬ ነው።" ከዚያ እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። "በአላህ፣ ሆን ብዬ አይደለም።"

አታሎኛል። በራሴ ቃል አስሮኛል። ቢላዋውን ትንሽ ጫንኩት፤ ቀጭን ደም በአንገትጌው ወረደ። ልገድለው ፈልጌ ነበር። እንደዚያን ሰዓት ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም። ነገር ግን ማንም አይነካህም ብዬዋለሁ፣ ማንም ስል ደግሞ ከእኔ በስተቀር አላልኩም። ያን ቀን በአገሩ የቀረኝ ያች ቃል ብቻ ናት፤ ልጄም ሄዳለች። ቢላዋውን አንሥቼ በርሜሉ ውስጥ ወረወርኩት።

ከተማ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያችን ደወልኩ። ያነሣው ሰው ድምፁ የዋህ ነበር።

"እህቴ፣ ጥያቄውን አቅርበናል፣ መልስ እየጠበቅን ነው" አለኝ።

"ከማን?"

"ከእነሱ ነዋ፣ በሩን ከያዙት ወታደሮች። መንደራችሁ ያለ ፈቃዳቸው እንደማንገባ ታውቂያለሽ።"

"ወንድሜ፣ ቴሌቪዥን አላየህም እንዴ? ዛሬ እኮ አገር ሆነሃል።"

"አይቻለሁ። እዚህም ከረሜላ ስናድል ነበር።"

"እንግዲያው ስማኝ። ልጄን የገደለ ሰው በእጄ ነው። ኑና ውሰዱት፣ ችሎት አቁሙት። ሕግ ትማር ነበር፣ በሕግ ይፈረድላት። ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም።"

"እስኪ ትንሽ ያዢልን" አለኝ፣ አደራ እንደሚሰጥ ዕቃ።

በወጋችን የተደበቀ ጥላ ጥላ አይደለም፣ ሌብነት ነው። ጥላ የሰጠ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ስም ጠርቶ፣ ሦስት ጊዜ መናገር አለበት። ከተናገረ በኋላ ጠላትም ቢሆን ያከብረዋል። ይህን ከአያቶቼ ሰምቼ ያደግሁት ነገር ነው፤ እንደ ሞኝ አመንኩት። የብረቱን ተጠቅላይ በር ከውጭ አወረድኩና ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ከተትኩ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቆምኩ።

"ሙንዚር ሰዓፊን በጥላዬ ነው" ብዬ ጮኽኩ። ሦስት ጊዜ።

ከዚያ ሻሂር ወንዶቹን አስከትሎ መጣ፤ እጁና ፊቱ በጥላሸት ጠቁሯል።

"ምን አልሽ?"

"ሰምተኸኛል።"

"ልጅሽ ገና አልተገነዘችም፣ አንቺ ገዳይዋን ትሸሽጊያለሽ?"

"አልሸሸግሁትም። ይኸው ነገርኩህ። ፖሊስ እስኪመጣ በጥላዬ ነው።"

"የቱ ፖሊስ?" አለና ወደ ሰዎቹ ዞሮ ሳቀ። "ፖሊስ ትላለች።"

የመንደሩ አስታራቂ ሐጅ ሙጥላቅ በትራቸውን ተደግፈው ደረሱ። ስንት ደም ያደረቁ ሰው ናቸው፤ እፎይ አልኩ። "ሐጅ፣ ይንገሩት። ጥላ ጥላ አይደለም?"

ሐጁ ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ። "ጥላማ ጥላ ነው። ቃልሽንም አውቀንልሻል፣ ልጄ። ግን የሴት ጥላ የቤቱ ወንድ እስኪደርስ ነው። ወንድ ከመጣ..." አሉና ሻሂርን አዩት። "ደግሞ ልጁ አታሎሻል። በተንኮል የተወሰደ ቃል..."

"አውቀንልሻል ካሉኝ አጠገቤ ይቁሙዋ።"

አልቆሙም። በትራቸውን አንሥተው ወደ ጥግ ፈቀቅ አሉ። ዕውቅና እንደዚህ ነው ለካ፤ ያውቁሻል፣ ከዚያ ይቆሙና ያዩሻል።

"ቁልፉን አምጪ" አለኝ ሻሂር።

"ሙት።"

በጥፊ መታኝ። ቆምኩ። በቡጢ ደገመኝ፤ ከኋላዬ ብረቱ ጮኸ፣ አፌ ደም ደም አለኝ። "የወንድሜ ሚስት ባትሆኚ እገድልሽ ነበር" አለ። ክንዶቼን ከበሩ እጀታ ጋር ቆላለፍኩ። ጡቴ መሐል እጁን ከትቶ ቁልፉን ለመፈለግ አፈረ፤ ይህን ያህል እፍረት ተርፎት ነበር። ይልቅ ፒክአፑን አስነሣ፣ ሰንሰለቱን እጀታው ላይ ጠልፎ ጎተተ። አለቀቅኩም። ብረቱ ተጣጥፎ ከግድግዳው ሲነቀል እኔም አብሬ ተጎተትኩ፤ የግራ ክንዴ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት።

እየዳህኩ ቀድሜያቸው ጓዳ ገባሁ። ሙንዚር ላይ ተኛሁበት። በቱቦ ብረት እኔን አልፈው እሱን ሊመቱ ሞከሩ፤ ግማሹ እኔ ላይ አረፈ። በርሜሉ ተገልብጦ ላባው ቤቱን ሞላው፣ አፋችን ውስጥ ገባ። ከሥሬ ሆኖ "ልቀቂኝ አክስቴ፣ ልቀቂኝ፣ ይገድሉሻል" ይለኛል። በፀጉሬ ጎትተው አነሡኝ። ሻሂር ያችን ወለሉ ላይ የወደቀችውን ጠመንጃ አንሥቷል። ለሙንዚር እምቢ ያለችው ጠመንጃ ለሻሂር እሺ አለች። ደጋግሞ ተኮሰ፤ ጓዳው ጠባብ ነውና ጆሮዬ ደነቆረ። ሙንዚር በመጨረሻ ያየው እኔን ነው። ደሙ በዶሮው ደም ቦይ፣ ባሌ በቆፈረው ቦይ፣ ወደ መንገድ ወረደ።

ፖሊሶቹ ሲዋርን ከቀበርን በኋላ መጡ፣ ፈቃዱ ደርሷቸው፣ አዲስ መኪና ላይ ሆነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሻሂር ያን ጊዜ ተራራውን አቋርጦ ዘመድ ጋ ገብቷል። እነሱም አጥሩን አጥሩን አይተው ተመለሱ።

ከዚያ እርቁ መጣ። በመንደሩ አዳራሽ ወንዶቹ በሁለት ወገን ተቀመጡ፣ ሐጅ ሙጥላቅ መሐል። ሻሂርም በሽማግሌ ዋስትና ተመልሷል። ከእኛ አንድ፣ ከእነሱ አንድ፤ ደም በደም ተጣጥቷል፤ የተቃጠለው በግለት ነውና አይቆጠርም ተባለ። እጅ ሊጨባበጡ ሲሉ ክንዴን በጀሶ እንደታሰረ ገባሁ። ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት ነው፤ ሲያዩኝ የተዘረጉት እጆች ተሰበሰቡ።

"አንድ የቀረ ክስ አለ" አልኩ። "ጥላዬ ተደፍሯል። የተደፈረ ጥላ ከደም ይከብዳል ብላችሁ ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ። ሻሂርን እከሳለሁ።"

"ሐዘንሽን እናውቃለን፣ ልጄ" አሉ ሐጁ።

"ሐዘኔን አይደለም። ቃሌን ነው።"

"እሱንም በሐሳብ ደረጃ እናውቀዋለን። ግን ከሳሽ ለመሆን ስለአንቺ የሚቆም ወንድ ያስፈልጋል። ሩብሒ የለም። ሌላ ጊዜ እናየዋለን።"

"ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" አለ ሻሂር፤ ጥቂቶች ሳቁ። ወገኖቼን አንድ በአንድ አየኋቸው። ጭን ጭኑን ለይቼ የሰጠኋቸው ሁሉ ጫማቸውን ያያሉ። ወጣሁ። ከኋላዬ ተጨባበጡ።

በማግስቱ ጧት በሬ ተንኳኳ። የሙንዚር እናት ናት፤ ኡም ሙንዚር፣ አሁንም በእሱ ስም ነው የምትጠራው። የተጣጠፈ ነጭ ጨርቅ ይዛለች። ጥላው የጸና ሰው ቤት ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰቀልለታል፤ የሚሰቅለው ጥላ የተሰጠው ሰው ወይም ወገኑ ነው። ከተወለድኩ ጀምሮ ለሴት ሲሰቀል አላየሁም።

"ጣሪያው በየት ነው?" አለችኝ።

"ያንቺ ሰዎች አውቀዋል?"

"አላማከርኳቸውም።"

ደረጃውን አሳየኋት። የተበሳው ሮቶ እንዳለ ነው፤ ደሙን ግን አጥቤዋለሁ። የሲዋር ባንዲራ በግማሽ እንደታሰረ ይወዛወዛል፤ ላስረውም ልፈታውም አልቻልኩም ነበር። ብረቱ ረጅም ስለሆነ ኡም ሙንዚር አልደረሰችበትም። በርጩማ አመጣሁላት፣ በደህናው እጄ ወገቧን ያዝኩ። ከላይ ሆና ሳታየኝ ተናገረች።

"ልጄን አላተረፍሽልኝም።"

"አላተረፍኩልሽም።"

"ልጅሽን ገደለብሽ።"

"ገደለብኝ።"

"እየተመታሽ ስትተኚበት በተነቀለው በር ከማዶ አይቼሻለሁ።" መጀመሪያ የሲዋርን ባንዲራ የተፈታውን ጫፍ አሰረችው። ከዚያ ከሥሩ ነጩን ጨርቅ ቋጠረች፣ ሁለቴ ጎትታ አጠበቀችው። "አውቄልሻለሁ፣ ኢንሺራሕ" አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው፣ ልጄ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያለቀስኩት።